የኮመጠጠው ጠበል

ሥራዬ ውሃ መቅዳት ነበር። ከራቤል በታች፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ከተከፈተው የድንጋይ ከሰል ማውጫ ተነስቼ እስከ ወንዙ እወርዳለሁ። በመንገዴ ላይ ከማጣሪያው ኩሬ፣ ከኩሬው ማፍሰሻ፣ ከገደሉ ሥር ከሚፈልቀው ጠበል፣ በመጨረሻም ከወንዙ በትናንሽ ጠርሙስ እቀዳለሁ። በየጠርሙሱ ላይ ቦታውንና ሰዓቱን ጽፌ አንዲት ቀጭን ወረቀት ነክሬ ቀለሟን አያለሁ። ወረቀቷ አረንጓዴ ከሆነች ውሃው ደህና ነው። ወደ ቢጫ ከሄደች መጠርጠር ነው። ከቀላች ውሃው አሲድ ሆኗል፤ ብረት ይበላል፣ ጥርስ ይበላል፣ የሰው አንጀት ይበላል።

ጠበሉ አጠገብ ውሃ የሚቀዱት ሴቶች መጀመሪያ ሰሞን ይስቁብኝ ነበር። «ወንድ ልጅ ውሃ ሲቀዳ አየን፤ እሱንም በብልቃጥ» ትላለች አንዷ። «ተዪው፣ ቁንጫ ሊያጠምቅበት ነው» ትላለች ሌላዋ። እኔ ሰው ፊት ብዙ አልናገርም። ጠርሙሴን ሞልቼ፣ ክዳኑን አጥብቄ እሄዳለሁ።

ትምህርቴን ያቋረጥኩት ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው። ስለ ውሃ የማውቀውን ያወቅኩት የማውጫው የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ ከከተማ ይዛ ከመጣቻቸው መጻሕፍት ነው። እንግሊዝኛውን በመዝገበ ቃላት እየፈታሁ አንዱን ገጽ ለመጨረስ ግማሽ ቀን ይፈጅብኝ ነበር። ባለሙያዋ ቁጡ ናት። ጠርሙሱን ሳላለቀልቅ ከቀዳሁ ውሃውን እፊቴ ደፍታ ወደ ወንዙ ትመልሰኛለች። የተጠየቀችውን ግን ሳትሰለች ትመልሳለች። ከሰሉ ውስጥ ድኝ እንዳለ፣ ድኙን አየርና ዝናብ ሲያገኘው አሲድ እንደሚሆን፣ አሲዱን የሚያበርደው ኖራ እንደሆነ ያስተማረችኝ እሷ ናት። ከጉድጓዱ የሚወጣው ጥቁር ውሃ በአፈር በተገደበው ኩሬ ይጠራቀማል፣ ኖራ ይበተንበታል፣ ጭቃው ይዘቅጣል፣ ከላይ የጠራው ይለቀቃል። ኖራ እስካለ ድረስ ነገሩ ይኼው ነው። ኖራ ከሌለ ግን ኩሬው ገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠ መርዝ ነው። ጠበሉም ያለው ልክ ከኩሬው ሥር ነው።

ማውጫው ሲከፈት መጀመሪያ የመጣው ድማሚቱ ነበር። በፈነዳ ቁጥር አለቱ ከውስጥ ሲሰነጠቅ በጫማዬ ሶል በኩል ይሰማኛል። የድንጋይ ቤቶች ግድግዳ ተተረተረ። እርጉዝ በጎች አስወረዱ። አንድ ቀን ከፍንዳታው የተወረወረ ድንጋይ የእህቴን ባል ሙክት አናቱን ፈልጦ ገደለው። የእህቴ ባል የሞተውን በግ ትከሻው ላይ ጭኖ፣ ደሙ በለበሰው የሱፍ ባና ላይ እየወረደ፣ ክላሹን አንግቶ የማውጫው በር ላይ መጣ። በጉን ከሥራ አስኪያጁ እግር ሥር ወረወረና «ቀጥሎ የሚወድቀው የኔ ከብት አይሆንም» አለ። ካሳ እንክፈልህ ሲሉት ጀርባውን ሰጥቷቸው ሄደ። እኔ በዚያን ጊዜ ከዘበኞቹ ኋላ ቆሜ ጠርሙስ እያጠብኩ ነበር። ሲያልፍ አየኝ፣ እግሬ ሥር ምራቁን ተፋ።

እህቴን እትዬ እላታለሁ። እናታችን ስትሞት በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ልጇ ሞቶ ከተወለደ ወዲህ መናገር ተወች። ቃል የሚባል ከአፏ አይወጣም። አንዳንዴ ደግሞ ከተቀመጠችበት ብድግ ብላ ትሮጣለች፤ የምትሮጠውም ወደ ገደሉ ነው። ባሏ ከአፋፉ ጫፍ ላይ እየጎተተ መልሷታል፤ የያዘበት ክንዷ በልዞ ይከርማል። እሱ ሰው የሚፈራው ሰው ነው፤ በድንበር ጠብ የጎረቤቱን ክንድ በዱላ ሰብሯል። እሷን ፈትተህ ሌላ አግባ ያሉትን የገዛ አጎቱን ግን ሊመታ ተነስቶ በሰው ብርታት ነው የተያዘው። ከዚያ ወዲህ ስለ እትዬ አፉን የከፈተበት የለም።

ክረምቱ ሊገባ ሲል መንገድ ተዘጋ። በዚያ ሰሞን አስፋልቱ ላይ ተኩስ ነበርና መኪናውን የሚያወጣ ሾፌር አልተገኘም። ኖራው አለቀ። ባለሙያዋ ስልክ የሚሠራበት ጉብታ ላይ ወጥታ ከዋናው ቢሮ ጋር ስትጨቃጨቅ እሰማታለሁ። ኖራ እስኪመጣ ቁፋሮው ይቁም ትላለች፣ እነሱ ትንሽ ታገሺ ይሏታል። ቁፋሮው አልቆመም። ከአንድ ትልቅ ፍንዳታ በኋላ ኩሬው ዝናብ እየዘነበበት መሙላት ሲገባው ጎደለ። ባለሙያዋ ጫፉ ላይ ቆማ ቁልቁል ገደሉን አየች። ውሃው በየት በኩል እንደሄደ ሁለታችንም ገብቶናል። በማግሥቱ ጠበሉ ላይ የነከርኳት ወረቀት ቢጫ ሆነች። ብዙም ሳይቆይ ቀላች።

ሕዝቡ የቀመሰው ግን ሌላ ነገር ነበር። ጠበሉ ድሮ ጣዕም የሌለው ቀዝቃዛ ውሃ ነበር፤ አሁን ኮመጠጠ። በኛ አገር የሚኮመጥጥ ጠበል ኃይለኛ ነው ይባላል። የጠጣ ሰው ካስመለሰው ደዌው ወጣለት ማለት ነው፤ አብዝቶ ካስመለሰው አብዝቶ ወጣለት። ከዚህ ጠበል የጠጣ ሁሉ ማስመለስ ጀመረ። ውሃው የሚወርድበት ድንጋይ ዝገት ለብሶ ሲቀላ ጠበሉ የሚጠራበት የሰማዕቱ ደም ነው ተባለ። ሴቶች ዝገቱን በጥፍራቸው እየፋቁ የልጆቻቸውን ግንባር ቀቡበት። ወሬው ዘመሮ ደረሰ፣ ቀየት ደረሰ። ሰው በሽተኛውን በቃሬዛና በበቅሎ ይዞ ገደሉን ወረደ። ከሥሩ የላስቲክና የቆርቆሮ መጠለያ በዛ። ከየመጠለያው የሚጮኸው፣ የሚታሰረው፣ አፉን ተፈልቅቆ የሚጠጣው ብዙ ነበር። የሚያጠምቁት ሽማግሌ መነኩሴ ናቸው፤ ሰው ሁሉ አባ ይላቸዋል። ከሁሉም ቀድመው ይጠጣሉ፣ ከዚያ መቋሚያቸውን ይዘው በሽተኞቹ መካከል ይገባሉ። ርኩስ መንፈስ ያለበትን ጀርባውን በመቋሚያው እየመቱ ልቀቅ ይሉታል። ምቱ ከአለቱ ጋር እየተጋጨ እስከ ኩሬው ድረስ ይሰማል። ይስቁብኝ የነበሩት ሴቶች አሁን ጠርሙሴን ሲያዩ ጀርባቸውን ይሰጡኛል።

አንድ ጠዋት ተራ ጠብቄ ስደርስ እትዬን አየኋት። እጆቿ ከመጠለያው ምሰሶ ጋር በጠፍር ታስረዋል። ጠፍር እርጥቡን ይታሰርና ሲደርቅ ሥጋ ውስጥ ይገባል፤ ቋጠሮውም በእጅ አይፈታም። ባሏ ፀጉሯን ከኋላ ጨብጦ ጭንቅላቷን አቅንቷል፣ በሌላ እጁ ጆጉን አፏ ላይ ደግኗል። ጥርሷን ስትገጥም አፍንጫዋን ያፍናታል፤ ለመተንፈስ አፏን ስትከፍት ያፈስባታል። ውሃው ሲገባ መላ ሰውነቷ ይንፈራገጣል፣ ወዲያው ታስመልሰዋለች። ያስመለሰችው ቡናማ ነው፤ በውስጡ ቀይ ክር ክር አለበት። የፊት ጥርሷ ወዙ ጠፍቶ ገርጥቷል።

«ጋሼ፣ ይኼን ውሃ አታጠጣት» አልኩት።

ዞር ብሎ እንኳ አላየኝም። «ሂድ ጠርሙስህን እጠብ።»

«ከኩሬው ሰርጎ ገብቶበታል። አንጀቷን እየበላው ነው። የምታስመልሰው ደም ነው፣ እየው።»

ወደ ተሰበሰበው ሰው ዞረ። «ስሙት» አለ። «ሰማዕቱን የሚመረምር ሰው ከከሰል ጉድጓድ ወጥቶ መጣላችሁ።» ጥቂቶች ሳቁ።

ጆጉን ቀማሁት። በጥፊ መታኝ፤ ስወድቅ ጎኔን በጫማው ረገጠኝ። ጠርሙሴ ከሥሬ ተሰብሮ መዳፌን ሰነጠቀው። ከዚያ ጎንበስ አለና አፉን ወደ ጆሮዬ አስጠግቶ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማው ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገረኝ።

«ትናንት ድምፅ አወጣች። ስታስመልስ ‹አህ› አለች። በጆሮዬ ነው የሰማሁት። ልጁ ከሞተ ወዲህ ድምፅዋን ሰምቼ አላውቅም።»

ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር። ቀና ብሎ ጆጉን አነሳ፣ እንደገና ቀዳ።

እኔ መሬቱ ላይ እንደተቀመጥኩ አፏ ሲከፈት አየሁ። ያ ሰው እያዳናት እንደሆነ አምኗል። በየጆጉ ሞት እያጠጣት እንደሆነ የማውቀው እኔ ነኝ። ከዚያ ቀን በኋላ እሷን ከዚያ ምሰሶ ከመፍታት ሌላ የማስበው ነገር አልነበረኝም።

ባለሙያዋ ነገሩን ለወረዳውም ለዋናው ቢሮም አሳውቃ ነበር። መልስ እስኪመጣ አልጠበቀችም። አንድ ቆርቆሮ ላይ በቀይ ቀለም «ይህ ውሃ ተበክሏል፤ አይጠጣም» ብለን ጻፍን። እኔ ጎኔን እያመመኝ ጠበሉ አጠገብ የተከልነውን ምሰሶ ያዝኩ፣ እሷ መዶሻውን አነሳች። ሚስማሩን መትታ ሳትጨርስ የመጀመሪያው ድንጋይ ቆርቆሮው ላይ አረፈ። «ጠበላችንን ሊቀሙን ነው» ሲል አንድ ድምፅ ሰማሁ፤ ከዚያ በኋላ የሰማሁት የድንጋይ ድምፅ ብቻ ነው። ባለሙያዋ ሮጣ ከማምለጥ ይልቅ ወደ ሰዉ ዞራ ልታስረዳ ሞከረች። አንድ ድንጋይ መንጋጋዋን መታት። ድምፁ እንጨት ሲሰበር ይመስላል። ከአፏ ደምና ጥርስ አንድ ላይ ወጣ። ብብቷን ይዤ እየጎተትኩ ዳገቱን አወጣኋት፤ ጀርባዬ ላይ የሚያርፈውን መቁጠር ተውኩ። የማውጫው መኪና ጋ ስንደርስ መስታወቱ በድንጋይ ረግፎ ነበር። በተዘጋው መንገድ አምቡላንስ ብቻ ያልፍ ስለነበር በእሱ ወደ ደብረ ብርሃን ወሰዷት። ስትጫን እጅጌዬን ጨምድዳ ይዛ በሌላ እጇ ቁልቁል ወደ ጠበሉ ታሳየኝ ነበር፤ መናገር አትችልም።

ቆርቆሮውን ነቅለው ጽሑፉን ወደ ታች አድርገው የአንድ መጠለያ ክዳን አደረጉት። ከሥሩ የሚተኛ በሽተኛ ቀና ሲል ያነበዋል።

ከዚያ በኋላ ቢላ ይዤ ወረድኩ። የእትዬ ባል ቅዳሴ ላይ ነበር። መጠለያው ውስጥ ስገባ ምሰሶው ሥር ተጠቅልላ ተኝታለች። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። አወቀችኝ መሰለኝ፣ አንገቷን ቀና አደረገች። ቢላውን ጠፍሩ ሥር አስገብቼ መከርከር ስጀምር ከበሩ ላይ አንዲት ሴት «ሊያርዳት ነው» ብላ ጮኸች። ሰዎች ገቡ። ቢላውን ከጣቶቼ ሲያስለቅቁ አንዱን ጣቴን ወደ ኋላ አጥፈው ሰበሩት። በዱላ ደበደቡኝ፤ ስወድቅም አልተዉኝም። የእትዬ ባል ከቤተ ክርስቲያን እየሮጠ መጥቶ ክላሹን አነጣጠረ። አንድ ሽማግሌ አፈሙዙን በእጃቸው ገፍተው «እጠበሉ ላይ ደም አታፍስስ። አባ ይፍረዱበት» አሉት። በእግሬ ይዘው በድንጋዩ ላይ ጎተቱኝና የአባ ጎጆ ውስጥ ጣሉኝ።

አባ መደባቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ሌሎቹን በእጃቸው አስወጡ። በሩ እስኪዘጋ ጠበቁ።

«ጠበሉ ምን አደረገህ?» አሉኝ።

«እኔን ምንም አላደረገኝም፣ አባ። እሱን ነው ያደረጉት።»

ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ስለ ድኙ፣ ስለ ኩሬው፣ ስለ ፍንዳታው፣ ስላላመጡት ኖራ። በሕይወቴ ያን ያህል ተናግሬ አላውቅም። አንድ ጊዜም አላቋረጡኝም። ስጨርስ ከመደቡ ጥግ አንድ የታጠፈ ጨርቅ አውጥተው እፊቴ ዘረጉት። ደም ነበር፤ አንዳንዱ ደርቆ የጠቆረ፣ አንዳንዱ ገና ትኩስ።

«እርስዎም?» አልኩ።

«ከሁሉም ቀድሜ የምጠጣው እኔ አይደለሁ?» አሉ። «ደም ሲመጣብኝ የኃጢአቴ ነው አልኩ። የሌላው ደዌ ይወጣል፣ የኔ ኃጢአት ይወጣል ብዬ። አልቆም ሲል ንስሐ ያዝኩ። የነፍስ አባቴ ሩቅ ናቸው፣ ለራሴ ሰጠሁት።»

«ምን ንስሐ?»

«እጥፍ መጠጣት።»

እኔ ከአፌ የሚወርደውን ደም በእጅጌዬ ስጠርግ ጨርቁን ወደ እኔ ገፋ አደረጉልኝ፣ እኔም ተጠቀምኩበት።

«ውሃው ይድናል?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«ኩሬው ከተደፈነና ኖራ ከመጣ፣ በጊዜ ብዛት።»

«እንግዲያው ታሟል እንጂ አልሞተም» አሉ። ደጋግመው ለራሳቸው ተናገሩት። ከዚያ እዚያው እንዳድር ነገሩኝ፤ ከወጣሁ እንደሚገድሉኝ ያውቁ ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ሰዉ ባዶ ሆዱን ጆግና ጣሳውን ይዞ ተሰልፎ ሳለ አባ ወረዱ። እኔ ከኋላቸው ነኝ፤ ሰዉ ሲያየኝ ማጉረምረም ጀመረ። እሳቸው እንደ ልማዳቸው ጎንበስ ብለው አልጠጡም። መቋሚያቸውን በምንጩ አፍ ላይ አጋደሙት።

«ጠበሉ ታሟል» አሉ። ድምፃቸው ደካማ ነው፣ ግን እስከ ሰልፉ ጫፍ ተሰማ። «የታመመ አይታለብም፣ አይጫንም። እስኪድን ድረስ ከዚህ የጠጣ፣ ለሌላም ያጠጣ፣ የተገዘተ ይሁን።»

የእትዬ ባል ከሰልፉ ፊት ነበር። ጆጉ ከእጁ ወደቀ። እትዬን አየ፤ ከምሰሶው ሥር፣ ደረቷ ላይ የደረቀውን ቡናማ አየ። ከዚያ የራሱን እጅ፣ ፀጉሯን ይይዝበት የነበረውን፣ ገልብጦ አየው። አባ ወደ እሱ ሊሄዱ አንድ እርምጃ አነሱ።

«ማን አሳመመው?» አለ።

ሰዉ ሁሉ ቀና ብሎ ወደ አፋፉ፣ ወደ ኩሬው ግድብ አየ።

አባ ይህን አላሰቡትም። እኔም አላሰብኩትም። ሰዉ ጣሳውን ጥሎ ዶማ አነሳ፣ አካፋ አነሳ፣ ያለው መሣሪያውን አነገተ። አባ በሁለት እጃቸው አንዱን ሲይዙ ሌላው ያልፋቸዋል፤ በመጨረሻ ገፍተው ጣሏቸው። የእትዬ ባል ሊፈታት ጎንበስ አለ፤ እጁ ጠፍሩ ላይ ቆየ። ከዚያ ተወው። ብቻዋን ከተፈታች ወደ ገደሉ እንደምትሮጥ ያውቃል። ዶማውን ትከሻው ላይ አድርጎ ወጣ።

ተከትዬ ዳገቱን ወጣሁ። ጎኔ እየተወጋ፣ የተሰበረው ጣቴ በእያንዳንዱ ድንጋይ ላይ እየጮኸብኝ ወጣሁ። ስደርስ ዘበኞቹ ወደ ሰማይ ተኩሰው ሊያስቆሟቸው አልቻሉም። አንደኛው ዘበኛ ዝቅ አድርጎ ተኮሰና አንድ ሰው ጭኑን ይዞ ወደቀ። ከዚያ ሌሎቹ ዘበኛው ላይ ወደቁበት። መሣሪያውን ነጥቀው በሰደፉ ፊቱን መቱት፤ ከድንጋይ ጋር እስኪቀላቀል መቱት። ሌላው ዘበኛ ሮጦ አመለጠ። የማሽን ነጂዎቹ በከሰሉ ክምር ጀርባ ሸሹ። ማንም ያላሳደዳቸው ሁሉም ወደ ግድቡ ስለሄደ ነው።

ሐሳባቸው ቀላል ነበር። ጠበሉን ያሳመመው ይህ ውሃ ከሆነ ይፍሰስና ይለቅ። በዝናብ የራሰውን አፈር በዶማ ይቆርጡ ጀመር። የሚፈሰው በየት በኩል እንደሆነ ያሰበ አልነበረም። እኔ ያንን ቁልቁለት ጠርሙስ ይዤ ስንት ጊዜ ወርጄበታለሁ። ውሃ የሚሄድበት አንድ ሸለቆ ብቻ ነው ያለው፤ የሸለቆው አፍ ደግሞ ጠበሉና መጠለያዎቹ ናቸው።

ጮህኩ። ድምፄ ለጩኸት አልተፈጠረም። አንዱን ሰው ክንዱን ብይዝ በክርኑ አፍንጫዬን መታኝ። የእትዬ ባል ግድቡ መሐል ላይ ቆሞ ከሌላው ሁሉ በላይ በኃይል ይቆፍራል፤ በየምቱ ያቃስታል፣ የሚገድለው ሰው ያገኘ ይመስላል። ጀርባው ላይ ወጣሁበት። አንገቱን ይዤ ትከሻውን ነከስኩት። አራግፎ ጣለኝና የዶማውን እጀታ በግንባሬ ላይ አሳረፈው። ዓይኔ ውስጥ ደም ገባ። ሊደግመኝ ዶማውን ሲያነሳ ከወደቅኩበት ሆኜ ተናገርኩ። አልጮህኩም።

«ጋሼ፣ እትዬ ታች ናት።»

ዶማው አየር ላይ ቀረ። «የት?» አለ፣ የማያውቅ ይመስል።

«ያሰርካት ቦታ።»

ዞሮ ወደ ታች አየ። ቁልቁለቱን፣ ሸለቆውን፣ የላስቲኩን መጠለያ አየ። «አቁሙ» አለ፤ ግን ከግራና ከቀኝ ዶማው እየወረደ ነው፣ ማንም አልሰማውም። ግድቡ ከመሐሉ ላብ ላብ ማለት ጀመረ። እሱ ዶማውን ወርውሮ በመንገዱ ሳይሆን በቀጥታ በናዳው ላይ ቁልቁል ተወረወረ። እየተንሸራተተ፣ እየወደቀ፣ እየተነሳ ወረደ። ታች ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ግድቡ እንደ ተቀደደ ስልቻ ተተረተረ። የላይኛው አፈር ላይ ቆመው ከነበሩት አንዱ ከነአካፋው አብሮ ሄደ። ጥቁሩ ውሃ ድንጋይ እየነቀለ፣ የአስታ ዛፉን ከነሥሩ እየመነገለ ወረደ።

እኔ ከላይ ሆኜ ነው ያየሁት። በሽተኞቹ ወደ አለቱ እየተንፏቀቁ ይወጣሉ፤ የታች ሴቶች ልጆቻቸውን በክንዳቸው ይጎትታሉ። አባ አልወጡም። እትዬ ምሰሶ ሥር ተንበርክከው ጠፍሩን በጥርሳቸው ይዘውታል። የእትዬ ባል ሲደርስ ገፍቷቸው ቢላውን መዘዘ። ለመጠንቀቅ ጊዜ አልነበረውም፤ ጠፍሩን ከነእጇ ቆዳ ቆረጠው። አንስቶ ወደ አለቱ እርከን ወረወራት። አባን በቀሚሳቸው ይዞ ወደ ላይ ገፋቸው። የራሱን እጅ ወደ ላይ ሲዘረጋ እትዬ ያዘችው። ይህንን በደንብ አይቻለሁ። በደም በተነከረው እጇ ያዘችው። ውሃው ወገቡ ላይ ደረሰ፣ ከዚያ አንድ ድንጋይ መታው። እጇ ባዶ ሆነ።

ወንዙ ውስጥ አገኘነው፤ በዝናሩ ነው ያወቅነው። አፉ ውስጥ ጥቁር ጭቃ ነበር። በጣቴ አወጣሁለት።

የማውጫው ሰዎች ማሽኖቻቸውን ትተው ሄዱ። አባ ከዚያ ቀን በኋላ ከመደባቸው ብዙም አልተነሱም፤ መቋሚያቸው ግን ጭቃው ሲጠረግ ተገኝቶ እንደገና በምንጩ አፍ ላይ ተጋደመ። የተሻገረው ሰው የለም።

ለቅሶው ቤት የሄድኩት ግንባሬ ተሰፍቶ፣ ጣቴ በእንጨት ታስሮ ነው። ሰዉ በሩ ላይ ሲያየኝ መንገድ ለቀቀልኝ፤ አንዳንዶቹ የደበደቡኝ ናቸው፣ ዓይናቸውን ሰበሩ። እትዬ ጥቁር ለብሳ ከሴቶቹ መሐል ተቀምጣለች። ግድቡ ላይ ለባሏ ያልኩትን እዚያ ከነበሩት ሰምታለች። ሁለቱም እጆቿ እስከ ክርኗ በፋሻ ተጠቅልለዋል። አጠገቧ ደርሼ ልንበረከክ ስል ተነሳች።

በሁለት እጇ ደረቴን መታችኝ። ቀስ ብላ አይደለም፤ ባላት ኃይል ነው። ጎኔ የተሰበረበትን መታችው። ደጋግማ መታችኝ፣ ፋሻው ቀላ፣ ደሙ ሸሚዜ ላይ ታተመ። ሴቶቹ ሊይዟት ተነሱ።

«ለምን ነገርከው?» አለች።

ድምፅዋ የተሰነጠቀ፣ ሻካራ፣ የማላውቀው ድምፅ ነበር። ከጥግ አንዲት ሴት ሳታስበው እልልታ ጀመረች፤ አጠገቧ ያለችው አፏን በመዳፏ አፈነቻት።

«ለምን ነገርከው?» አለች እንደገና።

«እንድትኖሪ ብዬ ነው፣ እትዬ» አልኳት።

አፌን በጡጫ መታችኝ።